የወለላ ጠማማ እንጨት

ያን የወፍ እግር ባላየው ኖሮ ይህን ሁሉ ባላነሳሁ።

ባለፈው እሑድ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም የምትኖረው የልጅ ልጄ ሳሮን ዘንድ ሄጄ ነበር። ደረጃው ለእኔ ጉልበት ታስቦ አልተሠራም፤ ቢሆንም እያረፍኩ ወጣሁት። ሳሮን በቀቀን አላት። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ወደ ውጭ ስትሄድ ትታላት የሄደቻት አረንጓዴ ወፍ ናት። ወፏ ሽቦ ቤቷ ውስጥ ለስላሳ የፕላስቲክ ዘንግ ላይ ቆማ፣ አንዴ ቀኝ እግሯን፣ አንዴ ግራ እግሯን ታነሳለች። ሳሮን አጠገቤ ተቀመጠችና ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ፣ «አባባ፣ ከሽቦው ወጥታ የምትጫወትበት መቆሚያ ልገዛላት ነው፤ እስቲ እርስዎ ይምረጡልኝ» አለችኝ። ምኑ ቅጡ! መሰላል ያለው አለ፣ ደወል የተንጠለጠለበት አለ፣ ብረቱ የሚያብለጨልጭ አለ። ሁሉም የተላገ፣ ሁሉም የለሰለሰ ነው።

«የቱ ደስ አለዎት?»

«አንዱም» አልኳት።

«እንዴ አባባ! ለምን?»

መነጽሬን ወደ ግንባሬ ገፋ አድርጌ ጎንበስ አልኩና ወፏ እግሯን ስታነሳ መዳፏን አየሁ። መሐሉ ቀልቷል፣ ተልጧል። ያን መቅላት አውቀዋለሁ። ልጅ እያለሁ እዚሁ ኮልፌ፣ በሌላ ወፍ እግር ሥር አይቼዋለሁ። ለሳሮን በቃል ስነግራት ግማሹን ዘለልኩት መሰለኝ፤ ስለዚህ እንደ አቅሜ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር ብዙም አላለፈምና፣ ብሳሳት እናንተ የእኔ እኩዮች አቃኑልኝ።

ያኔ ኮልፌ ማለት ባሕር ዛፍ ነው። ታስታውሱ እንደሆነ ዝናብ ሲያባራ ሰፈሩ ሁሉ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል፤ ጉንፋን የያዘው ሰው መታጠን አያስፈልገውም፣ ደጅ ወጥቶ መተንፈስ ይበቃዋል። ዓለም ባንክ የሚባል ሰፈር የሰማ ሰው አልነበረም። ወደ አስኮ ስንላክ እናቶቻችን አገር እንደምንለቅ አድርገው ይመርቁን ነበር። እኛ ልጆች ከካልሲ የተሠራ ኳሳችንን ይዘን፣ በጭቃ ግድግዳ ቤቶቹ መሐል እየተሯሯጥን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ስማችን በየበሩ እስኪጠራ አንገባም።

አባቴ ዱላ ሠሪ ነበር። የመጥረቢያ እጀታም፣ የአካፋ እጀታም፣ የሽማግሌ ምርኩዝም ይሠራል፤ ስሙን ያስጠራው ግን ካህናት ተደግፈው የሚቆሙበት፣ ማሕሌት የሚቆሙበት መቋሚያ ነው። ከመሪጌታው ጀምሮ እስከ ሰፈሩ ዲያቆን ድረስ የአባቴን እንጨት ያልያዘ አልነበረም። አሠራሩን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አያለሁ። ወይራውን ይልጠዋል፤ ቅርፊቱ ሲላጥ እርጥብ፣ መረር ያለ ሽታ አለው። ከዚያ ፍም ላይ እያገላበጠ ለብለብ ያደርገውና በጉልበቱ ተጭኖ ያቃናዋል። ጉጡን በቢላ ይመታል፣ በጠርሙስ ስባሪ ይፍቀዋል፣ በመጨረሻ ቅቤ ቀብቶ ጭስ ላይ ይሰቅለዋል። ከጭሱ ሲወርድ እንጨቱ ወዝ አውጥቶ፣ እጅ ላይ እንደ ሐር ይንሸራተታል። «እንጨት እንደ ልጅ ነው፤ እርጥብ ሳለ ካላቃኑት ሲደርቅ ይሰበራል» ይላል። ይህን ሲል ሁልጊዜ እኔን ያያል። አልቃና ያለውን እንጨት ከቤቱ ጀርባ ይወረውረዋል፤ እሱ የእናቴ ማገዶ ነው። በእኛ ቤት ጠማማ እንጨት ከማገዶ ሌላ ስም አልነበረውም።

በዚያው ግቢ፣ ከእኛ ክፍል ቀጥሎ፣ እትዬ አሰለፈች የምትባል ማር ነጋዴ ትኖር ነበር። አገሯ ከፋ ነው። ባለቤቷ በጭነት መኪና እየተመላለሰ ማርና ኮረሪማ ያመጣላታል፤ እሷ እዚህ ትሸጣለች። ከማሩ ጋር አብራ የመጣች አንዲት በቀቀን ነበረቻት። ጫካ ውስጥ ዛፍ ሲቆረጥ ከጎጆዋ የወደቀች ጫጩት ሆና አግኝተዋት፣ እትዬ አሰለፈች በጣቷ እያጎረሰች አሳድጋታለች። ሰውነቷ አረንጓዴ፣ ፊቷ ግን ቢጫ ነው፤ ማር ውስጥ አፏን ነክራ የወጣች ትመስላለች። ስለዚህ ስሟ ወለላ ተባለ። በአገሯ ቋንቋ የምታወራው እኛ የማይገባን ብዙ ነገር ነበራት፤ በአማርኛ የምታውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንዱ «ማር የለም!» ነው። ማሩ ሲያልቅ እትዬ አሰለፈች በር ላይ ቆማ ደንበኞቿን የምትመልስበት ቃል ነው፤ ወለላ ግን ማሩ በበርሜል ሞልቶም ሰው ሲመጣ «ማር የለም!» ትላለች። ስንቱን ደንበኛ ከበር መልሳለች መሰላችሁ!

ሁለተኛው የእኔ ስም ነው። እትዬ አሰለፈች ሱቅ ልትልከኝ ስትፈልግ፣ «ተሾመ! ና!» ትለኛለች። ወለላ ይህን ቃል በራሷ በእትዬ አሰለፈች ድምፅ ያዘችው። እሮጣለሁ፤ ማንም የለም። ወለላ ብቻ አንገቷን ሰበር አድርጋ ታየኛለች። እናቴ ገበያ ውላ፣ አባቴ በሥራው አቀርቅሮ፣ ታላላቆቼ ትምህርት ቤት ሲሆኑ፣ በዚያ ግቢ ቀኑን ሙሉ ስሜን የሚጠራኝ ሌላ አልነበረም። የማልላክበት ጥሪ ነበርና እወደው ነበር።

ችግሩ ወለላ የምትቆምበት ነገር ነው። እትዬ አሰለፈች ግድግዳው ላይ የብረት ቧንቧ ሰክታላት ነበር። ብረቱ ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ ቀትር ይፋጃል፣ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ነው። የወለላ መዳፍ ቀላ፣ ከዚያ ቆሰለ። እግሯን ሲያማት ወርዳ እየተንከላወሰች ትሄድና የእማማ ዘውድነሽ መስኮት ላይ ትወጣለች። እማማ ዘውድነሽ የግቢው ባለቤት ናቸው። ያን የእንጨት መስኮት ሟች ባለቤታቸው ናቸው በእጃቸው የሠሩት። ወለላ ለዚህ ደንታ የላትም፤ ጠርዙን እንደ ሸንኮራ ግጣ ግጣ መጋዝ የበላው አስመሰለችው።

አንድ ጠዋት እማማ ዘውድነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ግቢው መሐል ቆሙ። እንዲህ ሲቆሙ ነገር እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

«አሰለፈች!»

«አቤት እማማ።»

«የሚካኤል ማኅበር በሚቀጥለው ወር የእኔ ተራ ነው። ካህናቱ ይመጣሉ፣ ማኅበርተኛው ይመጣል። ያን ዕለት ይቺ ወፍ የባሌን መስኮት ስትግጥ ከታየች፣ አልያም የነፍስ አባቴን ከበር ቆማ "ማር የለም" ካለችብኝ፣ ከዚህ ግቢ ወይ እሷ ትወጣለች ወይ አንቺ።»

«እማማ፣ ምን ላድርጋት? እስራት?»

«እኔ ምን አውቄ! ወፏ ያንቺ ናት» ብለው ገቡ።

ማታውን እትዬ አሰለፈች ለእናቴ ስትነግራት ሰማሁ። ክንፏ ገና በጫጩትነቷ ተጎድቶ መብረር አትችልም፤ ጫካ ብትለቃት የመጀመሪያው ድመት ወይ የመጀመሪያው ጭልፊት ይበላታል። ሌላ ክፍል ፍለጋ ብትሄድ ደግሞ ወፍና የማር በርሜል ይዛ ማን ያስገባታል? እናቴ ከንፈሯን መጠጠች። እኔ ግን ጋቢዬን ተከናንቤ ተኝቼ አንድ ነገር ቆረጥኩ። ወለላ ከመስኮቱ ይልቅ የምትወደው መቆሚያ እሠራለሁ። የዱላ ሠሪ ልጅ አይደለሁም እንዴ?

በማግስቱ አባቴን እንጨት ለመንኩት። ሳቀ። «ወፍ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ምርኩዝ የያዘችው?» አለኝ። ግን ጫፉ የተሰነጠቀ አንድ ወይራ ሰጠኝ። ያን እንጨት እንዴት እንደደከምኩበት! እንዳየሁት አድርጌ ላጥኩት፣ ፍም ላይ ለበለብኩት፣ ጉጡን መታሁት፣ በጠርሙስ ስባሪ እየፋቅሁ አውራ ጣቴን ቆረጥኩ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። አናቱ ላይ እንደ መቋሚያ አግድም አደረግሁበት። እናቴን ቅቤ ጠየቅኳት። «ለወፍ ቅቤ! እኛስ መቼ በላን?» ብላ ጮኸችብኝ፤ ቆይታ ግን ከማሰሮው አፍ ላይ በጣቷ ጠርጋ ሰጠችኝ። ቀባሁት፣ ጭስ ላይ ሰቀልኩት። ሲወርድ የአባቴን ሥራ ሊያክል ምንም አልቀረው። በድንጋይና በጭቃ በሞላ አሮጌ ባልዲ ውስጥ ተከልኩት። አባቴ ከላይ እስከ ታች እጁን አሳልፎበት፣ «ይሄ ሥራ ነው» አለ። ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እማማ ዘውድነሽ እንኳ በመስኮታቸው አንገታቸውን አውጥተው፣ «ለወፍ ከሚሆን ለቄሱ በሆነ!» አሉ።

ግቢው ሁሉ ተሰብስቦ እያየ እትዬ አሰለፈች ወለላን አናቱ ላይ አስቀመጠቻት።

እናንተዬ! ወለላ ቀኝ እግሯን ብትጭን ወደ ግራ አዳለጣት። ግራውን ብትጭን ወደ ቀኝ። ክንፏን ዘርግታ ለመያዝ ብትታገል ቁልቁል ዞራ እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠለጠለች፤ ከዚያ ያም አቃታትና ባልዲው ውስጥ ዷ አለች። ተነስታ ላባዋን አራገፈች፣ ሁላችንንም ዞር ብላ አየችንና፣ «ማር የለም!» አለች። ሰው በሳቅ ወደቀ። እሷ ቀጥ ብላ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ያን ቀን የገጠችው የሳምንቱን ያህል ነው።

አባቴ ብቻ አልሳቀም። እንጨቱን እንደገና ዳስሶ፣ «እንጨቱ ምንም አልጎደለውም። ጥፋቱ የወፏ ነው» አለ።

እኔም ለጊዜው አመንኩት። ግን ማኅበሩ እየቀረበ ነው፤ የወፏ ነው ብዬ የምተኛበት ጊዜ አልነበረኝም። ቅቤውን በአመድ ፈተግሁት። አሁንም ታዳልጣለች። ቃጫ ገመድ ጠመጠምኩበት፤ ገመዱን ፈትታ ፈትታ ጣቷን አጠላለፈችበትና በመቀስ ቆርጠን አወጣናት። አሮጌ ጨርቅ ጠቀለልኩበት፤ ዝናብ አረጠበው፣ ሸተተ። ጓደኞቼ ኳሱን ይዘው በአጥሩ በኩል፣ «አናጢው! የወፍ ዙፋን አልቆ እንደሆነ ና እንጂ!» እያሉ ይሳለቁብኛል። አልሄድኩም። ሲመሽ እጄ የአመድና የቅቤ ሽታ እንደያዘ እተኛለሁ፣ ሲነጋ ከባልዲው አጠገብ እገኛለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተሸንፌ ደጃፋችን ላይ ተቀምጬ ነበር። ወለላ ከብረቷ ወረደች። ወደ መስኮቱ ትሄዳለች ብዬ ልከለክላት ተነሳሁ፤ እሷ ግን ወደ ቤታችን ጀርባ ታጠፈች። በቀስታ ተከተልኳት። አባቴ የጣላቸው ጠማማዎች እንደ ኮረብታ ተከምረው ነበር። ወለላ በአፏ እየያዘች፣ በእግሯ እየቆነጠጠች ወጣች። አንዱን ቀምሳ ተወችው፣ ሌላውን ረግጣ ተወችው። በመጨረሻ አንድ የወይራ ቅርንጫፍ ላይ ደረሰች፦ ቅርፊቱ ያልተላጠ፣ ሦስት ቦታ የተጣመመ፣ ሥሩ እንደ ክንዴ ወፍራም ጫፉ እንደ ጣቴ ቀጭን፣ ባላ ያለው፣ ጉጡ እንደ ክርን የወጣ። አባቴ ሲወረውረው «ከዚህስ እባብ ይቃናል» ያለው ነው፤ አስታውሳለሁ።

ወለላ ወፍራሙ ላይ ቆመች፣ መዳፏ ተከፈተ። ወደ ቀጭኑ ሄደች፣ መዳፏ ተሰበሰበ። ጉጡ ላይ ወጣች፣ በአንድ ጎን ብቻ ረገጠች። ከዚያ ቅርፊቱን ትላጥ ጀመር፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ስንጥሩ ወደ ታች ይዘንባል። ሲበቃት ባላው ውስጥ ገብታ፣ አንድ እግሯን ሆዷ ውስጥ ሸሽጋ፣ ዓይኗን ጨፈነች። ብረቱ ላይ በአንድ እግሯ ቆማ ስትተኛ አይቻት አላውቅም ነበር። ተንበርክኬ ቀረሁ። ያን ሁሉ ቀን እኔ የለፋሁት እሷ የምትፈልገውን ሁሉ ከእንጨቱ ላይ ለማንሳት ነበር። ጉጡን፣ ቅርፊቱን፣ ጠማማውን። ዱላ ለሰው እጅ ነው፤ የሰው እጅ ደግሞ ይዞ ይሄዳል፣ ቀን ከሌት አይቆምበትም።

ወለላ ነቅታ ስትወርድ ቅርንጫፉን ተሸክሜ ወደ አባቴ ወሰድኩት። ባልዲው ላይ ልተክለው እንደሆነ ሲገባው ቢላውን አስቀመጠ።

«ይሄን ነው የምታቆመው? መሪጌታው በሚገቡበት በር ላይ? ሁሉም ከእኔ እጅ መቋሚያ የያዙ ናቸው። "ይሄ ማን የሠራው ነው?" ሲሉ የዱላ ሠሪው ልጅ ነው ሊባል?»

«አባዬ፣ እሷ ናት የመረጠችው።»

«ወፍ ምን ታውቃለች?»

«እግሯን ታውቃለች» አልኩት።

ለአባቴ እስከዚያ ቀን ቃል መልሼለት አላውቅም ነበር። ይመታኛል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ፤ ቅርንጫፉን ግን አልለቀቅሁም። እሱ ግን አልመታኝም። ተነስቶ ወደ ጀርባ ሄደ፤ ወለላ ክምሩ ላይ ቅርንጫፏን የት እንደወሰድነው እየዞረች ትፈልጋለች። ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ወደ ራሱ እግር አቀረቀረ። እሑድ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን የሚያደርገው፣ እንደ መስታወት የተወለወለ ጥቁር ጫማ ነበረው፤ እግሩን ስለሚልጠው ሲመለስ ግቢው በር ላይ አውልቆ በእጁ ይዞት ነው የሚገባው። ምን እንዳሰበ አልነገረኝም። ተመልሶ መጣና፣ «አምጣው» አለኝ። «እግሩን እኔ አቆመዋለሁ። ከወገቡ በላይ ያንተና የወፏ ነው፤ አልነካውም።»

እንዳለውም አደረገ። የመጀመሪያውን ቀጥ ያለ ወይራዬን ግንድ አደረገው፤ አግድሙን አንስቶ አናቱን ሰንጥቆ ቅርንጫፉን አስገባና በሽብልቅ አጥብቆ መታው። ሚስማር አልጨመረም፤ «ስትግጥ አፏን ይወጋታል» አለ። ከታች ቅቤ የጠጣ፣ ቀጥ ያለ የአባቴ ዓይነት ሥራ፤ ከላይ እንደበቀለ የቀረ ጠማማ። እንዲህ ያለ ነገር በኮልፌ ቆሞ አያውቅም። እማማ ዘውድነሽ አይተውት አማተቡ።

የማኅበሩ ቀን ደረሰ። መቆሚያው በእትዬ አሰለፈች ደጅ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር ቆሟል። ወለላ ከጠዋት ጀምራ ላዩ ላይ ናት። ማኅበርተኛው ገባ፣ ጠላው ተቀዳ፣ የዳቦው ሽታ ግቢውን ሞላው። እኔ ከባልዲው አጠገብ አልተንቀሳቀስኩም። ወደ መስኮቱ የምትወርድ ከሆነ እይዛታለሁ፤ የማልይዘው አንደበቷን ነው። አባቴ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ በየመሐሉ ወደኔ ያያል።

በመጨረሻ የእማማ ዘውድነሽ የነፍስ አባት መጡ፤ ሽማግሌ ቄስ፣ በአባቴ መቋሚያ እየተደገፉ። እማማ ዘውድነሽ እስከ በር ወጥተው ጎንበስ አሉ። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙና «ሰላም ለዚህ ቤት!» አሉ።

ወለላ አፏ ውስጥ ያለውን ስንጥር ተፋችና፣ «ማር የለም!» አለች።

 እማማ ዘውድነሽ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እትዬ አሰለፈች መሬት ብትከፈት በገባች። ቄሱ ቆም ብለው ወደ ላይ ቃኙ፣ አዩዋትና፣ «ግድ የለም ልጄ፣ እኛም ለጠላው ነው የመጣነው» አሏት።

መጀመሪያ የሳቀው መሪጌታው ነው። ከዚያ ሁሉም። እማማ ዘውድነሽ ሳቃቸውን ሊውጡ ታግለው አቃታቸው፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ገቡ። ቄሱ ሲያልፉ የመቆሚያውን ግንድ ዳሰስ አድርገው፣ «ይሄ ያንተ እጅ ነው» አሉት አባቴን። ወደ ላይኛው እያዩ ደግሞ፣ «ይሄስ?» አሉ።

አባቴ ብድግ አለ። «የልጄ ነው» አለ፤ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ።

ወለላ ያን ዕለት እስከ ማታ ከቅርንጫፉ አልወረደችም። ሰው ሲበተን እማማ ዘውድነሽ ወጥተው መስኮታቸውን በጣታቸው ዳሰሱ፣ አዲስ የተጋጠ ቦታ አላገኙም። መሬት ላይ የተቆለለውን ስንጥር አዩና፣ «ለእሳት ማቀጣጠያ ደህና ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሰብስበህ አምጣልኝ» አሉኝ። «ትቆይ» ማለታቸው ነበር።

ቅርንጫፉን ወለላ በልታ ጨረሰችው። ሽብልቁን አውልቄ ሌላ ተካሁ፣ ያንንም ጨረሰችው። መዳፏ ደረቀ፣ ጠገገ። እኔም የሠራሁት ነገር ሲያልቅ ደስ ያለኝ በእሱ ብቻ ነው። አባቴ እንጨት ሲመርጥ እጅግ የተጣመመውን ከማገዶው ለይቶ ግድግዳ ጥግ ማቆም ለመደ። እናቴ ልታነደው ስትነሳ፣ «እሱን ተዪው፣ የወለላ ነው» ይላታል። እትዬ አሰለፈች በኋላ ጠቅልላ አገሯ ስትመለስ፣ መቆሚያው ከባልዲው ተነቅሎ የጭነት መኪናው ላይ በበርሜሎቹ መሐል ታሰረ። ወለላ ጉጡ ላይ ቆማ ነበር። መኪናው ሲንቀሳቀስ ስሜን ጠራች፤ «ተሾመ! ና!» አለች። እስከ አውራ ጎዳናው ሮጥኩ።

አባቴ ሞተ፣ ግቢው ፈረሰ፣ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል፤ የትኛው ላይ እንደነበር ለማመልከት ቆሜ ብዙ ማሰብ አለብኝ። ዛሬ የሳሮን ቤት ወለሉ ያንሸራትታል፣ ግድግዳው ያንሸራትታል፣ ስልኳም ከእጄ ያመልጣል። ክፉ ነው አልልም፤ ለመጥረግ ይመቻል። እኔም አርጅቼ እግሬ አንድ ዓይነት መሬት አልወድ ሲል ነው ወለላ ዳግም የገባችኝ።

ለሳሮን «አትግዢ» አልኳት። በማግስቱ አስኮ ወዳለ አንድ የድሮ ወዳጄ ሄድኩ፤ አጥሩ ላይ አሮጌ ወይራ አለው። ቀጥ ያለውን ሊቆርጥልኝ መጋዙን ሲያነሳ፣ አይደለም አልኩት፣ ያንን፣ ሰካራሙን። ይዤው ታክሲ ስገባ ረዳቱ፣ «ፋዘር፣ ለማገዶ ነው?» አለኝ።

«ለወፍ ነው፣ ልጄ።»

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና፣ «ተዋቸው፣ ይግቡ» አለ። ረዳቱም በሩን ሰፋ አድርጎ፣ «በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ወፏም ትግባ!» አለ። ተሳፋሪው እየሳቀ ጉልበቱን ሰበሰበልኝ።

በፈላ ውሃ አጠብነው፣ በረንዳው ላይ አደረቅነው፣ ሳሮን የአበባ ማሰሮ በድንጋይ ሞላች፤ ሽብልቁን እኔ መታሁት። ወፏ ሁለት ቀን ከሩቅ አየችው። በሦስተኛው ሳሮን ደውላ ምንም ሳትናገር ስልኩን አስጠጋችልኝ፤ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ዛሬ ሄጄ አየኋት፤ አንድ እግሯን ሸሽጋ ባላው ውስጥ ተኝታለች። ሳሮን ስንጥሩን በመዳፏ ሰብስባ፣ «አባባ፣ እንዲህ ከቀጠለች እኮ ትጨርሰዋለች» አለችኝ።

«ትጨርሰው፤ ለማለቅ ነው የተሠራው።»

«ሲያልቅስ?»

ደረጃውን አሰብኩት፣ ሁለቱን ታክሲ አሰብኩት፣ ጉልበቴንም አሰብኩት። «ሌላ አመጣለሁ» አልኳት። እንዲያው ለማጽናናት ያልኩት አይደለም። አስኮ፣ ያው አጥር ላይ፣ ሦስት ቦታ የተጣመመ አንድ ጉጣም ቅርንጫፍ አይቼ ቀይ ክር አስሬበት መጥቻለሁ። ወዳጄንም፣ «እሱን ተወው፣ የወፏ ነው» ብዬዋለሁ።